ለቫልቭ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሰው ሆኖ አንድ ነገር የማይለክፈው የለም። አንዱን ኳስ ይለክፈዋል፣ አንዱን ካርታ ጨዋታ፣ አንዱን የጎረቤት ወሬ። እኔን የለከፈኝ አምፖል ነው። ቤት የሚያበራ አምፖል ቢሆን እንኳ ማንም ነገሬ አይለኝም ነበር። የእኔው በድሮ ራዲዮና በድሮ አምፕሊፋየር ሆድ ውስጥ የሚሰካ፣ አውራ ጣት የሚያህል፣ ከሥሩ ቀጫጭን የሽቦ እግሮች ያሉት፣ ሲሞቅ ውስጡ ፍም የሚመስል ነገር የሚታይበት የብርጭቆ ብልቃጥ ነው። የሙያው ሰዎች ቫልቭ ይሉታል። ባለቤቴ ሙሉዓለም ደግሞ «ጣጣህ» ትለዋለች፤ እኔም ውሎ አድሮ የእሷ ስም ሳይሻል አይቀርም ብያለሁ።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። ፍኖተ ሰላም ጂኦግራፊ የማስተምር ሰው ነኝ። አንድ ጊዜ በሰፈራችን አሮጌ የመንግሥት ዕቃ ሲወገድ፣ ከተሰባበሩ ወንበሮች ሥር አንድ አምፕሊፋየር አየሁ። በቀድሞው መንግሥት ጊዜ ሕዝቡን ለስብሰባ ሲጠራ የኖረ ነው። ክብደቱ የጤፍ ጆንያ ያህላል። ሌላው ሰው ሁሉ ወንበር ሲያነሣ እኔ እሱን ተሸክሜ ወጣሁ። ወገቤ እስከ ዛሬ ያን ቀን ያስታውሰዋል።

ለምን ፈለግኸው ትሉኝ ይሆናል። አባቴ በሠርጌ ቀን የፎከረው ፉከራ በካሴት ተቀድቶ አለኝ። አባቴ ዛሬ የለም። ካሴቱን በትንሿ ቴፓችን ስከፍተው፣ ያ ሸንተረር ተሻግሮ ይሰማ የነበረ ድምፁ ጣሳ ውስጥ የተዘጋበት ሰው ድምፅ ይመስላል። ቫልቭ ያለው አምፕሊፋየር ግን ድምፅን ከነሙቀቱ ያወጣል ሲባል ሰምቼ ነበር። አባቴን አንድ ጊዜ እንኳ በሙሉ ድምፁ ልስማው ብዬ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ዕብደት ነው።

ታዲያ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ድምፁን የሚያወጡት ሁለት ቫልቮች እንደ ጥማድ በሬ እኩል መሳብ አለባቸው። አንዱ ሞቷል። በሕይወት ያለው ብርጭቆው ላይ «ኢኤል 84» የሚል ጽሑፍ አለው፤ ጓደኛውም የግድ ያው ዓይነት መሆን አለበት። በአንዱ ብቻ ስከፍተው አባቴ ጉንፋን ይዞት የፎከረ ይመስላል።

የቫልቭ ፍለጋ ችግሩ ጽሑፉ ላይ ነው። የሰው እጅ በነካው ቁጥር ይለቃል። አንድ አሮጌ መጽሔት ላይ ያነበብኩት ዘዴ አለ፤ ብርጭቆውን ወደ አፍህ አስጠግተህ ሃ ብለህ ትተነፍስበታለህ፣ እንፋሎቱ ሲያርፍበት የጠፋው ፊደል ለአንድ አፍታ ብቅ ይላል። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ ገበያ እየሄድኩ፣ ቁርጥራጭ ብረትና አሮጌ ራዲዮ ዘርግተው ከሚሸጡት ዘንድ ቁጢጥ ብዬ፣ ብልቃጥ እያነሣሁ ሃ፣ ብልቃጥ እያነሣሁ ሃ ስል እውላለሁ። የታየኝ ፊደል እንዳይረሳኝም ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ። ጂኦግራፊ አስተማሪ መሆኔን ገበያተኛው በምን ይወቅ።

አንድ ቅዳሜ አንዲት እናት ጆሮውን ያመመው ልጇን ይዛ መጣችና «እስቲ ይተንፍሱበት» አለችኝ። አስተማሪ ነኝ አልኳት። «እሱንም ሰምተናል፣ ብቻ ይተንፍሱበት» አለች። ሰው ከቦናል፤ እምቢ ማለት ጭካኔ መሰለኝና ልጁ ጆሮ ላይ ሃ አልኩበት። ክፋቱ ልጁ ተሻለው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከአውቶቡስ ስወርድ ጆሮ የታመመ፣ ጥርስ የታመመ፣ ላም የጠፋበት፣ ሁሉም በየተራው ቆሞ ጠበቀኝ።

ሌላው ደግሞ አሮጌ ብርጭቆ የሚወድ ሰው መጥቷል የሚለውን ብቻ ሰምቶ ቤቱን ማራገፍ ጀመረ። የተቃጠለ አምፖል መጣልኝ፣ የፋኖስ ብርጭቆ መጣልኝ፣ የቴርሞስ ሆድ መጣልኝ። አንድ ሰውዬ ከሽንዲ ድረስ አንድ ዓይኑ የወለቀ መነጽር ይዘው መጥተው «የቀረውን ዓይን እዩልኝ፣ ጥሩ ነው» አሉኝ። ከዚያ ሁሉ መሐል አንዲት እውነተኛ ቫልቭ ተገኘች። ሃ ስላት «ኢ» ታየኝ፣ ቀጥሎ «8» ታየኝ፣ ሌላው ሳይታይ እንፋሎቱ ደረቀ። በቃኝ አልኩ። ሰው የቸገረው ጊዜ ሁለት ፊደል አይቶ ቀሪውን ከራሱ ይሞላል።

ቤት ወስጄ ስሰካት አምፕሊፋየሩ እናቱ እንደጠፋችበት ጥጃ እምቧ አለና ከጀርባው ጢስ አወጣ። ቫልቯ የሌላ ዓይነት ነበረች። ድምፁን የሰሙት ጎረቤታችን አቶ ዘለቀ ናቸው። ጡረታ የወጡ ፖሊስ ናቸው፤ መታወቂያቸውን ይዘው እየሮጡ ገቡና «ስብሰባው የት ነው?» አሉ። ያ ማሽን ስንት ዓመት ከአልጋ ሲያስነሣቸው እንደኖረ ያኔ ገባኝ።

ሙሉዓለም ጢሱን በነጠላዋ እያራገበች ውሳኔዋን አሰማች።

«እስከ ጥምቀት ካልዘፈነ ለልዋጭ ነው የምሰጠው።»

ልዋጮችን ታውቋቸዋላችሁ፤ በየሰፈሩ እየዞሩ አሮጌ ዕቃ ተቀብለው የፕላስቲክ ዕቃ የሚሰጡት ናቸው። ሙሉዓለም የምትወስደውን ሳይቀር መርጣ ጨርሳለች፣ ሰማያዊ ሳፋ። የአባቴ ድምፅ በሳፋ ሊለወጥ ቀን ተቆረጠለት። የምሬን ነው የምላችሁ፣ ያን ቀን እራት አልበላሁም።

ገና እንዳለፈ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ወሬ አመጣልኝ። ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ የመብራቱ ምሰሶ የሚያልቅበት ላይ ግራዝማች ወንድይፍራው የሚባሉ ሰው አሉ፤ የንጉሡ ጊዜ ራዲዮ አላቸው፤ እስከ ዛሬ ይናገራል፤ ከጀርባው ቀይ ቀይ የሚያበሩ ብልቃጦች አሉት አለኝ። ችግሩ ግራዝማች ዕቃቸውን ለሰው አይሰጡም። ምላሳቸው ስለሚያቃጥል አገሩ በሙሉ ይፈራቸዋል፤ ራዲዮውን እንሽጠው ያላቸውን የገዛ ወንድማቸውን ከደጃፍ መልሰዋል አሉ።

ሌላውን ጎረቤታችንን መሪጌታ ልሳኑን አማከርኳቸው። መሪጌታ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ያልዳሩት ሰው የለም። ሽማግሌ ሆነው ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመልሰው አያውቁም።

«ብቻህን ብትሄድ ውሻ ይለቁብሃል» አሉኝ። «ሽማግሌ ደጁ ላይ ሲቆምበት ግን እምቢ ማለት ያስጨንቀዋል፣ ማንም ይሁን ማን። እኔ አለሁ፣ አቶ ዘለቀን እንጨምራለን። አንተ ዕቃውን ለይተህ ለማየት ትመጣለህ እንጂ አትናገርም።»

አቶ ዘለቀ የተመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ፊት ሲቆሙ ከአፋቸው የሚወጣው «እውነት ነው» የሚለው ብቻ ነው። ለሽማግሌነት ከዚህ የተሻለ ሰው ከየት ይገኛል።

እሑድ ጠዋት ሦስታችንም ነጭ ለብሰን ወጣን። ለሙሉዓለም ማንኩሳ ለቅሶ ልደርስ ነው ብያታለሁ፤ ቫልቭ ብላት ሳፋውን የዚያኑ ቀን ታመጣው ነበር። የጋብቻ ቀለበቴንም በዋዜማው አምፕሊፋየሩን ስነካካ ኤሌክትሪክ እንዳይነዝረኝ አውልቄ ጠረጴዛ ላይ ረስቼዋለሁ። ይህችን ቀለበት ያዙልኝ።

ግራዝማች ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ዜና ሲሰሙ ደረስን። በተከፈተው በር ራዲዮው ይታያል፤ መደርደሪያ ላይ፣ ከላዩ ዳንቴል ለብሶ።

«ኖር» ብለው ተነሡ ግራዝማች። «እንዴት አደራችሁ። ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ።»

«በእግዜር» አሉ መሪጌታ በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው። «አንቀመጥም፣ ግራዝማች። ጉዳይ አለን።»

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። መሪጌታ ዕድሜ ልካቸውን ሽማግሌ የሆኑት ለጋብቻ ብቻ ነው። ምላሳቸው የሚያውቀው መንገድ አንድ ነው፤ በቅሎ ወደ ለመደችው በረት እንደምትሄድ ይዟቸው ሄደ።

«የእርስዎን ቤት ስም ሰምተን፣ ጨዋነቱን አይተን፣ ዘመድ ልንሆን ወደን መጥተናል። በእመቤታችን ስም ቆመናል፣ አያሳፍሩን።»

«እውነት ነው» አሉ አቶ ዘለቀ።

ግራዝማች ገብተው ራዲዮውን በገዛ እጃቸው ዘጉት። ሲመለሱ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ለማን ነው?» አሉ።

መሪጌታ ወደ እኔ አመለከቱ። ቫልቯን የምፈልጋት እኔ ነኝና «ለእኔ ነው፣ ግራዝማች» አልኩ።

«በእኛ ጊዜ ሙሽራው እቤቱ ነበር የሚጠብቀው» አሉ ግራዝማች። «ይሁን፣ ዘመኑ ነው። ተቀመጡ።»

ሙሽራው ሲሉ ዞር ብዬ ከኋላዬ የቆመውን ሰው ፈለግሁ። ማንም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሆነ። አንዱ በግ እየጎተተ አለፈ፣ ጎረቤት በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ፣ ከጓዳ ሴቶች ሲንሾካሾኩ ተሰማ። ግራዝማች አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ውባለም ትባላለች፣ ቡሬ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። የአባቷን ምላስ ፈርቶ እስከ ዛሬ ሽማግሌ የላከ ሰው የለም። ግራዝማች ይህን ቀን ስንት ዓመት እንደጠበቁት ከፊታቸው ይነበባል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «የመጣነው ለአምፖል ነው» ብል ግራዝማችን በኀፍረት እገድላቸዋለሁ። መሪጌታን በክርኔ ጎሸም አደረግኳቸው። እሳቸውም አሁን ገብቷቸዋል፤ ላባቸው ከጥምጥማቸው ሥር ይወርዳል። አቶ ዘለቀ ብቻ በጉን እያዩ ደስ ብሏቸዋል።

ውባለም እጅ ልታስታጥብ ማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች። እኔ ዘንድ ስትደርስ ውሃውን ቀጠን አድርጋ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ጠየቀችኝ።

«መምህር፣ የመጡት ለእኔ አይደለም፣ አይደል?»

«በምን አወቅሽ?»

«ከገቡ ጀምሮ ዓይንዎ ራዲዮው ጀርባ ላይ ነው።»

ሚስት እንዳለኝ፣ የምፈልገው ከራዲዮው ውስጥ አንዲት ብልቃጥ እንደሆነ፣ ሰውነቴ በላብ እየራሰ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ ውሃዋን ጨምራ አፈሰሰች።

«አባቴን በሰው ፊት እንዳታዋርዱት» አለችኝ። «ማምለጫውን እናንተ ፈልጉ፣ ብልቃጧን ለእኔ ይተዉልኝ። ያ ራዲዮ ከንጋት ዜና እስከ ማታ ዜና ሲጮህ እኔም ከተኛሁ ቆይቻለሁ። የትኛዋ ናት?»

«ረዘም ያለችው፣ ኢኤል 84 የሚል ያለባት። ጽሑፉ ካልታየሽ ሃ በይባት።»

ጤና ጣቢያ የመጣ በሽተኛ እንደምታይ አድርጋ አየችኝና አለፈች።

መብሉ እስኪደርስ ግራዝማች ዘር እንቁጠር አሉ። በእኛ አገር ሰባት ቤት ድረስ ዘመድ የሆነ እንደማይጋባ ታውቃላችሁ። እኔ አባቴን ጠራሁ፣ አያቴን ጠራሁ፣ ቆምኩ። የዓባይን ገባር ወንዞች ከነመነሻቸው እቆጥራለሁ፣ የራሴን ቅድመ አያት ግን አላውቅም። መሪጌታ «አስተማሪ ነው፣ ያፍራል፣ እኔ እቆጥርለታለሁ» አሉና ግራዝማችን አስቀደሙ። ግራዝማች ጣታቸውን እያጠፉ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ወደ ላይ ወጡ። ወጥተው ወጥተው የሰከላው ጓንጉል የሚባሉ ሰው ላይ ሲደርሱ መሪጌታ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«ጓንጉል? የግሽ ዓባዩ ጓንጉል?»

«እሳቸው ናቸው።»

መሪጌታ በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ። «ወይ ጣጣ። የዚህ ልጅ ቅድመ አያት እኮ የጓንጉል የልጅ ልጅ ናቸው። ሰባት ቤት አልሞላም።»

«እውነት ነው» አሉ አቶ ዘለቀ። የምን እውነት እንደሆነ እሳቸውም አያውቁትም።

ግራዝማች ብዙ ካቀረቀሩ በኋላ ተነሥተው አቀፉኝ። «ልጄን ባልሰጥህ እግዜር ዘመድ ሰጥቶኛል» ብለው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ከዕፎይታ ይሁን ከኀፍረት ዛሬም ለይቼ አላውቀውም። ለጋብቻው የታሰበው በግ ለዝምድናው ታረደ። ሳንበላ ማን ይለቀናል። ስንወጣ ውባለም አንድ አገልግል አስያዘችኝ። «ለዘመድ ስንቅ ነው» አለች። ሚኒባሱ ውስጥ ስከፍተው ከዳቦው ሥር በጥጥ ተጠቅልላ ቫልቯ ተኝታለች። ሃ አልኳት። ኢኤል 84።

እኛ በግ ስንበላ ግን አንዲት የግራዝማች ጎረቤት የሽምግልናውን ወሬ ይዘው በቀደመው ሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ገብተው ኖሯል። ቤት ስደርስ ሙሉዓለም ጠረጴዛው አጠገብ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። አምፕሊፋየሩ በነበረበት ቦታ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ሳፋ ተደፍቷል። ሳፋው ላይ ቀለበቴ ተቀምጧል።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለችኝ። «ሙሽራዋ ስትመጣ እግሯን የምትታጠብበት ነው።»

ስለ ሙሽራዋ ሳይሆን መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ አባቴ ድምፅ ነው፤ ይህንንም ሙሉዓለም ከፊቴ አነበበችው መሰለኝ። ሽማግሌዎቼ በራችን ላይ እንደገና ቆሙ። ተቀመጡ የሚላቸው ግን አልተገኘም። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው «የእርስዎን ቤት ስም ሰምተን...» ብለው ሲጀምሩ አፋቸውን በእጄ ከደንኩት። ከዚያ እኔው ራሴ፣ ከቡሬ ገበያ እስከ ጓንጉል ያለውን ሁሉ ተናገርኩ። ስጨርስ ቫልቯን ከነጥጧ አስቀመጥኩላት።

ሙሉዓለም ቫልቯን አንሥታ ወደ ብርሃን አየቻት። ከዚያ አፏን አስጠግታ ሃ አለችባት።

«ለዚህች ነው?» አለች። ቀጥላ ሳፋውን አነሣችው። አምፕሊፋየሩ ከሥሩ እንዳለ ነው። «ጥምቀት ገና ነው። እኔ ቃሌን አላጥፍም። ሳፋውን ለአንተ ብዬ ተውሼው ነው።»

ሰካኋት። ሁለቱም ቀስ ብለው ቀሉ። ካሴቱን ስከፍተው አባቴ ከእነቁመቱ ቤት ገባ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ትንፋሹ ሳይቀር፣ ከፉከራው በፊት ጉሮሮውን ሲጠርግ የነበረው ሳይቀር ተሰማ። ሙሉዓለም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ እንደ ልጅ አነባሁ፤ ያን ያህል እንደናፈቀኝ አላውቅም ነበር። አቶ ዘለቀ እንኳ መታወቂያቸውን መፈለግ ትተው ቆመው አዳመጡ።

እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ዳሩ ግራዝማች ቤት ሽማግሌ ገብቶ በሰላም መውጣቱን የሰማ አንድ የቡሬ የከብት ሐኪም፣ ለካ ስንት ጊዜ ሲፈራ የኖረ ነው፣ ሽማግሌ ላከ። ከፋሲካ በኋላ ውባለም ተዳረች። እኛም ዘመድ ነንና ተጠራን፤ ዘመድ ነኝና አምፕሊፋየሩን ተሸክሜ ሄድኩ። ሠርጉ ሲደምቅ ግራዝማች አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ያ ራዲዮዬ እናንተ ከሄዳችሁ ወዲህ ዝም አለ» አሉኝ። «ያልሆነው ጋብቻ አሳዝኖት ነው እላለሁ።» ከዚያ ተነሥተው በአምፕሊፋየሩ ጀርባ ዞሩ። ቀይ ቀይ የሚያበሩትን ብልቃጦች ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ። እኔንም ብዙ አዩኝ። እኒያ አገር የሚፈራው ምላስ ያላቸው ሰውዬ አንድም ቃል አልተናገሩም። ያስፈራኝም ይኸው ነው።

ይህን የምጽፍላችሁ ከጓዳ ተደብቄ ነው። ዛሬ እሑድ ነው። ነጭ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ከቡሬ መጥተው በራችን ላይ በትራቸውን ተክለው ቆመዋል። ሙሉዓለም ተቀመጡ ብትላቸው አንቀመጥም፣ ጉዳይ አለን አሉ። ከግራዝማች ወንድይፍራው ተልከን ነው አሉ። የእናንተን ቤት ስም ሰምተን፣ ጨዋነቱን አይተን አሉ። ልጅ የለንም፤ ምን ሊጠይቁ እንደመጡ አውቄዋለሁ። በመጋረጃው ቀዳዳ ሳይ ሙሉዓለምም አውቃዋለች፤ ዓይኗን ወደ አምፕሊፋየሩ ጣል አድርጋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በጣም በጨዋ ድምፅ መለሰችላቸው።

«አባቶቼ፣ ከእናንተስ ባልነፈግን ነበር። ግን ምን ይደረግ፣ ግራዝማችና ባለቤቴ ዘመድ ናቸው። ሰባት ቤት አልሞላም።»

ከአጥሩ ማዶ አቶ ዘለቀ «እውነት ነው» ሲሉ ተሰማኝ።